ሐዋሳ ላይ 13 ዓመት ማይክ ፊት ተቀምጫለሁ፤ ጠይቁኝ

የማታዋ፦

ሰላም ቤቶች። ባለፈው ሳምንት እዚሁ አንዱ «የኤፍኤም ሰዎች ምን ሥራ አላቸው? ዘፈን ከፍተው ቡና ይጠጣሉ» ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ቡናው እውነት ነው። ስለሌላው ግን ልጻፍ አልኩ።

ከ2001 እስከ 2014 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ የማታ ፕሮግራም አቅራቢ ነበርኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ጣቢያውን አልጠራም፣ ስሜንም አልናገርም። ድምጼን የምታስታውሱ አትጠፉም። ብታውቁኝም ሆዳችሁ ውስጥ ይቅር።

ያደግኩት ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር። የቆዳ ልብስ የለበሰች ትራንዚስተር ነበረችው፤ ከእኛ ከልጆቹ ይልቅ ለሷ ይጠነቀቃል። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም አይጥለውም፣ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሁለት ቀን ይጨምርለታል። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስለ ጨዋታው የማውቀው የለም። የማስታውሰው የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምጽና አባቴን ነው። ያ ጥርሱን የማያሳይ ሰውዬ ወንበር ላይ ወጥቶ ይጨፍራል። አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲጮህ አቶቴ ወንበር ይሰበራል? ተሰበረ። እግሩን በሽቦ አስረን እስከ ማትሪኬ ድረስ ተቀምጠንበታል።

ኮሌጅ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ሥራ የጀመርኩት መናኸሪያ፣ ትኬት ቢሮ። እዚያ በድምጽ ማጉያ «የጠፋ ቦርሳ ያገኛችሁ» የሚሉት አባት ሲታመሙ ሦስት ሳምንት ተተካሁ። ድነው ሲመለሱ ተራ አስከባሪዎቹ «ትንሽ ይረፉ እንጂ፣ እሷ ትሥራው» እያሉ አስቀየሟቸው። ጣቢያው የድምጽ ፈተና ሲያወጣ እየገፉ የላኩኝም እነሱ ናቸው።

ፈተናው ላይ የጋዜጣ ገጽ ሰጡኝ። የመጀመሪያው መስመር «የከተማዋ ዋና ችግር» ይላል። «ና»ን ማጥበቅ ሲገባኝ አላላሁት። የመዋኘት ችግር ሆኖ አረፈው። ከፈታኞቹ አንዱ «ሐይቅ አጠገባችን እያለ የዋና ችግር ከየት መጣ?» አለ። ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ያለፍሽው በሳቅሽ ነው ብለውኛል፤ በንባቤማ አይደለም።

በሉ እንግዲህ።

አባ ኮዳ፦

ቡና ይጠጣሉ ያልኩት እኔ ነኝ። አልካድኩም። ጥያቄዬ አጭር ናት። ብሩስ? እኛ ሰፈር የሬዲዮ ሰው ሁሉ ሀብታም ነው ተብሎ ይታማል።

የማታዋ፦

አባ ኮዳ፣ ስምህ አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ ጀርባ ቆመው የሚጠብቁትን አሞሮች አስታወሰኝ። እሺ፣ ብር።

ስጀምር ተቆራርጦ እጄ የሚገባው አንድ ሺህ ብር አይሞላም ነበር። አከራዬ ግን ማታ ማታ ይሰሙኛል። «አንቺማ ከተማው ሁሉ ያውቅሻል» ብለው ኪራይ ጨመሩብኝ። ለሰው በሬዲዮ መሰማትና ብር መያዝ አንድ ነው። ገበያ ስወጣ ድምጼን ቀይሬ ነበር ዋጋ የምጠይቀው። አንዴ ረስቼ በራሴ ድምጽ «ቲማቲም ኪሎው ስንት ነው?» አልኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ሁለት ብር ጨምራ ነገረችኝ።

በ2006 ከቅጥር ወጥቼ የአየር ሰዓት ገዛሁ። ይሄን ብዙ አድማጭ አያውቀውም። እኛ አገር ብዙ የኤፍኤም ፕሮግራም እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ጣቢያው ሰዓቱን ይሸጥልሃል፣ አንተ ስፖንሰር ፈልገህ ትከፍላለህ፣ የተረፈው ያንተ ነው። ካልተረፈ ዕዳው ያንተ ነው። ማታ አቅራቢ፣ ቀን ማስታወቂያ ሻጭ፣ ወር መጨረሻ ላይ ዕዳ ሰብሳቢ ሆንኩ። ንግድ ፈቃዴን፣ ማኅተሜንና የደረሰኝ ጥራዜን በቦርሳ ይዤ ፒያሳን በር በበር አንኳኳለሁ። ስፖንሰር ፍለጋ ማለት «ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ሄደዋል» ከሚል ጥበቃ ጋር መወዳጀት ነው። አንዱ ጥበቃ በመጨረሻ አዝኖልኝ «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ላይ ናቸው፤ ግን አንቺን ሲያዩ በጓሮ ይወጣሉ» አለኝ።

የሚከፍለውም ሁሉ በብር አይከፍልም። አንድ የሶፋ ቤት ስድስት ወር አስነግሮ «ብር የለም፣ ሶፋ ውሰጂ» አለኝ። ወሰድኩ። እስከ ዛሬ ሳሎኔ አለ። ልጆቼ ስሙን «ስፖንሰር» ብለውታል። «እማ፣ ስፖንሰሩ ላይ ሻይ ፈሰሰ» ይሉኛል።

ያቆመኝ ግን 2011 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ። ልክ ነው አይደለም ብላችሁ እንዳትጨቃጨቁኝ፤ እኔም እናት ነኝ፣ ልክ ነው። ግን ከፕሮግራሜ ሂሳብ ግማሹ የቢራ ነበር። እሱ በአንድ ጊዜ ቆመ። የቀረኝ ሠርግ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ መድረክ እመራለሁ፣ ሙሽራ አስገባለሁ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባና ሠርጉም ቆመ። የሚገርመው ሰው ቤቱ ስለተቀመጠ እንደዚያ ዓመት ተሰምቼ አላውቅም። ስልኩ አያርፍም። ደረሰኝ የሚያስቆርጠው ጠፋ እንጂ።

ሁለት ዓመት ተንገታገትኩ። በ2014 የሁለት ወር ክፍያ አደረብኝ። አንድ ዓርብ ማታ «ሰኞ በሰዓታችን እንገናኝ» ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ስሄድ ሰዓቱ ለሌላ ተሸጧል። ስለዚህ ለአድማጮቼ የተናገርኩት የመጨረሻው ቃል ውሸት ነው። አስቤ አይደለም።

አባ ኮዳ፦

ኧረ እኔ ቡናውን ብቻ ነበር ያልኩት። ይቅርታ እህቴ።

ሽበቱ፦

ልጆች፣ ትንሽ የድሮ ነገር ልጨምር። በእኛ ጊዜ ሬዲዮ ማለት ከሩቅ የሚመጣ ድምጽ ነው። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት ልጅ ነበርኩ። በአጭር ሞገድ ነበር የሚያስተላልፈው። በ1969 ደርግ እስኪወርሰው ድረስ እናቴ ሌላ ጣቢያ አታስነካም ነበር። ከዚያ በኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ መንደሩ ጸጥ ይላል፤ ወጥ ያሳረረች ሴት አትቆጠርም።

ግን ስለራሳችን ከተማ የሚያወራ አልነበረም። ሐዋሳ ከተማ በ1996 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሲሆን እኔ ከጎረቤቴ ጋር የሰማሁት ከአዲስ አበባ ነው። የቤታችንን ደስታ የነገረን የሌላ ከተማ ሰው ነው። ይቺ ልጅ «ዛሬ ታቦር አካባቢ ውኃ የለም፣ ቅዱ» ስትል መጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። ሬዲዮ ስለ እኛ ቧንቧ ያወራል? ከዚያ ለመድነው። ቆይቶማ ውኃ ጠፍቶ እሷ ካልተናገረች እንቀየማት ጀመር።

የማታዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውኃውስ ምንም አይደል። አንዴ «ነገ መብራት ይጠፋል» የሚል ማሳሰቢያ አንብቤ መብራት ሳይጠፋ ዋለ። ዳቦ ጋጋሪው ስልክ ደውሎ «በአንቺ ምክንያት ሊጥ አላቦካሁም» ብሎ ሰደበኝ።

ጋዜጠኝነት 3ኛ ዓመት፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ሐዋሳ ጋዜጠኝነት እየተማርኩ ነው። የሬዲዮ አቅራቢ መሆን እፈልጋለሁ። ድምጼ ቀጭን ነው ይሉኛል። እርስዎ ለጀማሪ ምን ይመክራሉ?

የማታዋ፦

አንቺ በይኝ፣ እርስዎ ሲሉኝ አከራዬ ትዝ ይሉኛል።

ድምጽሽን ተይው። የእኔን ደግሞ ወፍራም ነው ይሉኝ ነበር። ሴት በማታ እንዲህ አታወራም ያለኝም አለ። ቀጭንም ወፍራምም ማይኩን ካወቅሽው ይሠራል። ፊት ለፊት ገጥመሽ አታውሪ፣ በትንሹ ወደ ጎን። ያለዚያ «ፐ» እና «ጰ» እንደ በር ይደበደባሉ። ከመግባትሽ በፊት ቀዝቃዛም ወተትም አትጠጪ። ለብ ያለ ውኃ ብቻ። (ቡና እጠጣ ነበር። እኔ ያደረግኩትን ሳይሆን የምልሽን።)

ዋናው ነገር ንባብ ነው። ይኸው «ዋናው» ስል ራሱ አጥብቄ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይነግርሽም። ሰው በዓይኑ ሲያነብ ተመልሶ ያስተካክላል፤ አንቺ አየር ላይ መመለሻ የለሽም። እኔ ከፈተናው ቀን ጀምሮ እርሳስ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ። «አለ» ሲል ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ገና» ሲል በዓሉ ነው ወይስ አልደረሰም? ቀድመሽ ካላወቅሽ ምላስሽ ይመርጥልሻል፣ ምላስ ደግሞ ሁልጊዜ የተሳሳተውን ይመርጣል።

ቁጥርን በፊደል ጻፊው። 1,250,000 የሚል ወረቀት አየር ላይ ስታይ ዜሮዎቹ ይራባሉ። ዓረፍተ ነገሩ ከአንድ እስትንፋስ ከረዘመ ቁረጪው። የጻፈው ሰው ይቀየም።

ሌላው፣ «ውድ አድማጮቼ» እያልሽ ለሺህ ሰው አታውሪ። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ብቻውን ነው። ወይ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ወይ ባጃጅ ይነዳል፣ ወይ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። እኔ ማይኩ አጠገብ የአክስቴን ፎቶ ለጥፌ ለሷ ነበር የማወራው። አክስቴ ነገር ሲረዝም ያዛጋታል። ፎቶዋን አይቼ አሳጥራለሁ።

አባ ኮዳ፦

አሁን ያዝኩሽ። አማርኛውን ያበላሸው ማነው? ኤፍኤም አይደለም? ዘፈኑ መሐል ገብቶ «ዋው»፣ «ፕሊስ»፣ «አሪፍ ቫይብ»። የድሮዎቹ እንዲህ ነበሩ?

የማታዋ፦

ግማሹን እቀበላለሁ። ዘፈን ላይ የሚያወራ አቅራቢ እኔም ያናድደኛል፤ ዘፋኙ ሳይጨርስ ሰላምታ የሚያቀርብ። ግማሹን ግን አልቀበልም። የድሮዎቹ ከወረቀት ነበር የሚያነቡት። እኛ ሁለት ሰዓት ያለ ወረቀት ከሕዝብ ጋር ስናወራ ሐዋሳ እንደሚናገረው ነው የምንናገረው። ይሄ ከተማ ደግሞ አንድ ዓይነት አማርኛ የለውም። የሲዳማው፣ የወላይታው፣ የጉራጌው፣ የከምባታው አማርኛ አየር ላይ ይገባል። አንድ የሲዳማ አባት በፍቼ ጨምበላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ሰሞን ደውለው «አይዴ ጨምበላላ» ብለው ጀመሩ። አማርኛቸው ይሰናከላል። «አማርኛ በቅጡ አልችልም፣ ልዝጋ?» አሉኝ። እንዳይዘጉ ለመንኳቸው። አያንቶዎች ኮከብ አይተው የበዓሉን ቀን እንዴት እንደሚቆርጡ በዚያ በሚሰናከለው አማርኛ ሩብ ሰዓት አስረዱን። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ከተጻፈው ሁሉ የገባኝ የሳቸው ነው። ሰዋስው ባርማቸው ኖሮ ይዘጉ ነበር።

«ዋው» ያልኩበት ቀን ካለ ግን ይቅርታ።

የፓርኳ ልጅ፦

እህቴ እኔ አውቅሻለሁ። ስምሽን አልጽፍም። 2010 ላይ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባሁ፣ ስፌት። ለአምስት አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። አንዷ ሬዲዮ ያላት ስልክ አላት። ኢርፎኑ ተበጥሶ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ሽቦው ካልተሰካ ሬዲዮው አይሠራም። ሰክተን ወደ ስፒከር እንቀይረውና መሐላችን ፍራሽ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሽቦውን የያዘች ልጅ ከተንቀሳቀሰች ይንሿሿል። ተራ ነበረን፣ ሽቦ መያዝ።

አንድ ቀን መስመር ገባልኝ። ለእናቴ ሰላምታ አስተላለፍኩ። እናቴ ያለችው ገጠር ነው፣ ከከተማው በጣም ሩቅ። ቆይቶ ነው ሬዲዮው እዚያ እንደማይደርስ የነገሩኝ። ታውቂ ነበር?

ቀይ መብራት፦

እኔ ልመልስ። የዚህች ሴትዮ ቴክኒሺያን ነበርኩ፣ ስምንት ዓመት። መስታወቱ ማዶ።

እህቴ፣ ኤፍኤም እንደ ዓይን ነው። ማሠራጫው የሚያየው ቦታ ይደርሳል፣ ተራራ ካገኘ ያው ነው። ጋሽ ሽበቱ ያሉት አጭር ሞገድ ሌላ ነው፤ ሰማይ ላይ ነጥሮ አገር ያቋርጣል። የእኛ ግን የሐዋሳና የዙሪያው ነበር። አንቺ የጠራሽው ቀበሌ እንደማይደርስ እኔም አውቅ ነበር፣ እሷም ታውቅ ነበር። እንደ አንቺ የሚደውሉ ብዙ ነበሩ። በመስታወቱ እንተያያለን፣ ዝም እንላለን።

የማታዋ፦

አውቅ ነበር፣ የኔ ልጅ። አንዴ ለሌላ ልጅ «እናትሽ ያሉበት አይሰማም» ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እሷም የምታውቅ መሰለኝ። ተቀየምሽኝ?

የፓርኳ ልጅ፦

አልተቀየምኩም። አራቱ ልጆች ሰምተዋል። የእናቴን ስም ስጠራ ሽቦ የያዘችው ጓደኛዬ እንዳይንሿሿ ብላ ትንፋሿን ይዛ ነበር። እናቴን ስሄድ ነገርኳት። «ስሜ በሬዲዮ ተጠራ» እያለች ገበያ ላይ አወራች። እንዳልሰማች አልተናገረችም ሃሃ።

ቀይ መብራት፦

ከገባሁ አይቀር። ይቺ ሴትዮ ሁሌ «በ13 ዓመት አንድ ቀን እንኳ የደወለ ሰው ስድብ አየር ላይ አልወጣም» ብላ ትፎክራለች። ማን አስቀረላት? እኛ ጋ ድምጽ የሚያዘገይ መሣሪያ አልነበረም። የደወለው ሰው የሚለው በዚያው ቅጽበት ከተማው ላይ ነው። ጣቴ ከመስመሩ አይነሳም። ሰካራም ከ«ጤና ይስጥልኝ» በፊት ይተነፍሳል፤ ትንፋሹን ሰምቼ ነው የምዘጋው። «ባል አለሽ?» ባዩን ደግሞ ከ«እኔ እንኳን የደወልኩት» አውቀዋለሁ። ከተማው ውስጥ ነገር በሻከረባቸው ሰሞኖች ደግሞ ጭራሽ መስመር አንከፍትም፤ አንድ ቃል እሳት ነው።

ስለ መብራቱ ልናገር ወይስ ትናገሪያለሽ?

የማታዋ፦

የትኛው መብራት? አየር ላይ ዝም ብዬ አላውቅም እኔ። መብራት ጠፍቶ እንኳ።

ቀይ መብራት፦

እሱን ነው የምልሽ። 2009 መሰለኝ፣ ክረምት። ዝናብ ነው። መብራት ሄደ። የስቱዲዮው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ፣ የድምጽ ሚክሰሩን ይዞታል። ስለዚህ አንቺ በጆሮሽ ላይ ራስሽን ትሰሚያለሽ። ማሠራጫው ግን ሞቷል፤ ጄኔሬተሩ አልነሳም ብሏል። እኔ በመስታወቱ እጄን አወናጭፋለሁ። ጨለማ ነው፣ አታይኝም። ጥበቃው ጄኔሬተሩ ጋ ሮጠ። አንቺ «ሰው እንዳይደናገጥ» ብለሽ ማውራት ቀጠልሽ። ሰባት ደቂቃ። የሰማሽ ሰው የለም። እኔ ብቻ ነኝ።

የማታዋ፦

እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?

ቀይ መብራት፦

ስለ እናትሽ ነበር ያወራሽው። በርበሬ ስትቀነጥስ የምትዘፍነውን። ስታለቅሺ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ማሠራጫው ገባ፣ አንቺም «እስኪ ወደ ሙዚቃ» አልሽ። ከተማው የሰማው «እስኪ ወደ ሙዚቃ»ን ብቻ ነው። በስምንት ዓመት ከሰማሁብሽ ሁሉ የሚበልጠው ሰባት ደቂቃ ነው። አየር ላይ አልወጣም ብዬ ልንገርሽ? ሆዴ እምቢ አለ። በማግስቱ ደግሞ «ትናንት እንዴት ነበርኩ?» አልሽኝ። አሪፍ ነበርሽ አልኩ። ውሸቴን ነው እንዴ?

የማታዋ፦

አንተ ሰውዬ። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ሶፋዬ ላይ ቡና ትጠጣለህ።

ጋዜጠኝነት 3ኛ ዓመት፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አሁን የሳምንት አንድ ሰዓት ግዢ እያሉኝ ነው፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር። እንግዛ?

የማታዋ፦

መጀመሪያ ማን ብር ሊሰበስብ እንደሚሄድ ተስማሙ። ሦስታችሁም ማይክ ከፈለጋችሁ አትግዙ። አንዷ ማይክ የማትወድ፣ ጥበቃ የማትፈራ፣ ደረሰኝ የማትረሳ መሆን አለባት። ክፍያውን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ስፖንሰር ቢቀር ስንት ወር እንደምትችሉ ቁጠሩ። እኔ አካውንቲንግ ተምሬ ይሄን አልቆጠርኩም። ሁለተኛ፣ ማታ እንዴት ቤት እንደምትገቡ። ቅጥር ላይ እያለሁ የቤት አድራሽ መኪና ከተበላሸ ሳምንት ይቆማል። ከ4 ሰዓት በኋላ ባጃጅ ነው። እድሜ ለባጃጅ ልጆች፣ «አቶቴ» ስል ድምጼን ለይተው ብዙዎቹ ብር አልቀበልም ይሉኝ ነበር። ከቲማቲም ሻጯ ይልቅ እነሱ ያዝኑልኛል።

ሦስት እግር፦

ከምሳ ጀምሮ እያነበብኩ ነው፣ ተሳፋሪ እየጫንኩ። አሁን ልናገር። «ሬዲዮህን ቀንስ» ነኝ።

የማታዋ፦

በለው! አንተ ነህ?

ሦስት እግር፦

እኔ ነኝ። ለማያውቁት ላስረዳ። 2007 ነው፣ ባጃጅ በጀመርኩ በወሩ። አንዲት ልጅ ፌስታል ረስታ ወረደች። ሳየው የ12ኛ ክፍል ፈተና መግቢያ ካርድ ነው። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። የት ልፈልጋት? ወደዚች እህታችን ፕሮግራም ደወልኩ። መስመር ገባ። «ሃሎ» ስል ባጃጁ ውስጥ ሬዲዮው እየጮኸ ነው፣ የራሴ ድምጽ ይመለስብኛል፣ ያፏጫል። «ወንድሜ፣ ሬዲዮህን ቀንስ» አለችኝ። ከኋላ ሦስት ተሳፋሪ አለ። «ኧረ አትቀንስ፣ እንስማ» ይላሉ። እሷ ቀንስ ትላለች፣ እነሱ አትቀንስ ይላሉ። ከተማው ሁሉ ይሰማል። በመጨረሻ በፉጨቱ መሐል የልጅቷን ስም ተናገርኩ።

ልጅቷ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጣቢያው በር ላይ መጣች፣ እያለቀሰች። ካርዱን ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ተራ ላይ ስም ወጣልኝ። እናቴ ያወጣችልኝን የሚጠራኝ የለም። የባጃጄ ጀርባ ላይም በትልቁ አስጽፌዋለሁ። ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ሲያስቆመኝ «ሬዲዮህን ቀንስ፣ ና ወዲህ» ነው የሚለኝ።

የማታዋ፦

ኧረ እኔ ያቺን ባጃጅ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ አይቻታለሁ! ጽሑፉን ሳነብ አንዱ በእኔ የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ለመሆኑ ያን ቀን በመጨረሻ ቀነስከው?

ሦስት እግር፦

አልቀነስኩም።